ያልጠጣው ሰካራም

አዋሽ ላይ ሁሉም ይጠማዋል። ስለዚህ ታላቅ ወንድሜ አንድ ጆግ ውሃ ጨልጦ ሌላ ሲያስሞላ ማንም ልብ አላለውም። ከወሎ መጥቶ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የከፈተ፣ ሶላት የማያጓድል ሰው ነበር፤ ቤቱን የምይዝለት እኔ ነበርኩ። የጥጥ ለቀማ ሲደርስ ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። «በረሃው ነው» አሉ። በረሃው የስንቱን ኃጢአት ተሸከመ!

ረመዳን ገባ። ጋሼ ጥሙን መቻል አቅቶት ጓዳ ተደብቆ ውሃ ሲጠጣ አንድ ደንበኛ አየው። በዚያው ሰሞን ትንፋሹ መሽተት ጀመረ፤ አልፎበት የቦካ ሙዝ ዓይነት ሽታ ነው። ሰፈሩ ወዲያው ፈረደ፦ ፆም የፈታ ሰው አረቄስ ምን ይገደዋል? የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። መስጊድ ከጎኑ ሲሰግዱ የኖሩት ሰዎች እንኳ ሸሹት። እስከ ዛሬ ንዴቱ አልወጣልኝም።

አንድ ጠዋት ያስመልሰው ጀመር። ሆዱን ይዞ፣ ዳገት ሮጦ እንደወጣ ሰው ከጥልቅ እየሳበ ይተነፍሳል። ለምኜ በጥጥ መኪና ወደ እርሻው ክሊኒክ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ጎንበስ ብሎ አሸተተውና አፍንጫውን ያዘ።

«እህቴ፣ ይሄ እኮ ሰክሯል። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጪውና ይተኛ፤ ይለቀዋል።»

«ኧረ በአላህ! መጠጥ በአፉ ዞሮ አያውቅም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው» ብሎ ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ከዓመታት በኋላ ደሴ ላይ አንድ ሐኪም አስረዳኝ። የስኳር በሽታ ሲጠና ሰውነት ስኳሩን መጠቀም ያቅተውና ስቡን ያነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው አሲድ ደም ውስጥ ይጠራቀማል። ሽታውም የሚመጣው ከዚያ ነው። ያ ጥልቅ ትንፋሽ ደግሞ ሰውነት አሲዱን ለመቀነስ የሚያደርገው ትግል ነው አለኝ። አመስግኜው ወጣሁና ደጅ ቆሜ አለቀስኩ። ደሙን ስኳር ለሞላው ሰው ስኳር ነበር የታዘዘለት።

ያን ዕለት ግን ጋሼ የክሊኒኩ በረንዳ ላይ ተኝቶ ሻዩን ገፋው። «ወላሂ አልጠጣሁም» አለኝ።

«አውቃለሁ ጋሼ። ይልቅ ሸሃዳህን በል።»

አልሰማኝም። በአጠገቡ ላለፈው ሁሉ ይምላል። ዕድሜውን ሙሉ የሰገደ ሰው፣ የመጨረሻ ቃሉ ሸሃዳ፣ የእምነቱ ምስክርነት፣ መሆን ሲገባው፣ «አልጠጣሁም» ሆነ።