ያልሰረቅሁት ጥጥ

ወገኖቼ፣ ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ እንዲህ በሳሎን ተጨናንቀን መናገር ይከብደኛል። ዛሬ ግን ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ አልገባም። እልልታችሁን በሆዳችሁ ያዙልኝ፤ ጎረቤት ይሰማል። ጌታ ይመስገን!

የጨንቻ ልጅ ነኝ። ጌታን ሳላውቅ፣ ገና በሃያ ዓመቴ፣ ዳገት መውጣት አቃተኝ። ደረቴን ይጨመድደኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ ገበያ መሐል እወድቃለሁ። አባቴ ሽማግሌዎች ሰበሰበ። «ጎሜ ነው። የደበቅሽው ጥፋት ነው የሚያሳምምሽ፤ ካልተናገርሽ ትሞቻለሽ» አሉኝ። ባስብ ባስብ የምናገረው አጣሁ። አባቴ «አታዋርጂኝ፣ ተናገሪ!» ሲለኝ፣ መዳን ፈልጌ «የጎረቤታችንን ጥጥ ሰርቄአለሁ» አልኩ። ቅዱሳን፣ አንዲት ፍሬ አልነካሁም! እርጥብ ሣር ይዘው አስታረቁን። በሳምንቱ እንደገና ወደቅሁ። ጎረቤታችን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔን ስታይ በሯን ትዘጋ ነበር። ከደረቴ ይልቅ ያመመኝ እሱ ነው።

እዚህ አርባ ምንጭ ያለው ሐኪም ደረቴን አዳምጦ አዲስ አበባ ላከኝ። የቀበሌ መሸኛ አውጥተን ከአባቴ ጋር ሄድን። እዚያ ዶክተሩ ደረቴን ቀዝቃዛ ቅባት ቀብቶ፣ በመሣሪያ እየዳበሰ፣ ልቤን ቴሌቪዥን በመሰለ ነገር ላይ አየው። ደግሞ አየ።

«ደም ከልብሽ የሚወጣበት ቫልቭ ደንድኖ ጠቧል። ልብሽ ሲታገል ግድግዳው ወፍሯል። በዚህ ላይ እየወደቅሽ ስለሆነ አደጋው ከባድ ነው። ቫልቩን የሚቀይር ቀዶ ሕክምና እዚህ አገር የለም» አለኝ።

እኔ የጨነቀኝ ሌላ ነበር። «ዶክተር፣ ጥፋቴ እዚያ ላይ ይታያል?» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። «ጥፋት የለብሽም፤ ይህ ከልጅነት ሕመም የተረፈ የቆየ ቁስል ነው። አባት፣ በልጅነቷ ጉሮሮዋን አሟት መገጣጠሚያዋ አብጦ ያውቃል?»

አባቴ ፊቱን አዞረ። «ሁለት ወር ተኝታ ነበር። ክሊኒክ ውሰዳት ሲሉኝ ይለቃታል ብዬ ተውኳት» አለ።

ወገኖቼ፣ አባቴን ጠላሁት! ቤቱን ትቼ እዚህ አርባ ምንጭ፣ አክስቴ ዘንድ ወረድኩ። አክስቴ ናት ወደ እናንተ ያመጣችኝ። እዚያ ጥግ ተንበርክኬ «ቫልቩን ክፈትልኝ» ስል፣ ጌታ «አባትሽን ይቅር በዪ» ይለኛል። እንቢ አልኩ። ሦስት እሑድ አለቀስኩ። በአራተኛው ለኢየሱስ ተሸነፍኩ፤ «አባዬ፣ ይቅር ብዬሃለሁ» ብዬ ላክሁበት። ሃሌሉያ!

አባቴ መልእክቱ እንደደረሰው እርጥብ ሣር ቆርጦ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ሰበሰበ። ጎረቤታችንንም ጠራ። «ልጄ ሌባ አይደለችም። እንድትዋሽ ያደረግኋት እኔ ነኝ። ጎሜው የእኔ ነው» አለ። ክብር ለጌታ ይሁን!

ሐኪሙ ያየው ልብ ዛሬም ያው ነው። እዚህ ስመጣ መንገድ ላይ ሦስት ጊዜ ቆሜአለሁ። ተፈወስኩ አልላችሁም፤ አንዴ ለመዳን ብዬ ዋሽቻለሁ፣ ይበቃኛል። ምናልባት ቶሎ ትቀብሩኝ ይሆናል፤ እፈራለሁ፣ አልደብቃችሁም። ግን ጌታን ያላወቃችሁ፣ በእሱ ታመኑ። እሱ ፊት ስትቀርቡ ያልሠራችሁትን ኃጢአት ፈልጉ አትባሉም።

ቅዳሜ ዕለት ያቺ ጎረቤታችን ከጨንቻ አንድ ቋጠሮ ጥጥ ላከችልኝ፤ «ፍተይልኝ» ብላ። ዛሬ ጠዋት ጀመርኩት። ጌታ ይመስገን።