ያልተመዘገበችው የዲዋሊ ሰዓት

ሕንድ አገር፣ ራጅኮት ከተማ ውስጥ ቤቱ ቁጭ ብሎ አክሲዮን የሚገዛና የሚሸጥ ሰው ሞልቷል። አለቃ የለንም፣ ደሞዝ የለንም፤ ያለን ኮምፒውተርና የጨጓራ በሽታ ነው። አንድ የመገበያያ ዘዴ ያዋጣ እንደሆነ ለመሞከር በየደቂቃው የተመዘገበ የድሮ ዋጋ ያስፈልጋል። ያንን የሚሸጡት ድርጅቶች የሚጠይቁት ገንዘብ ደግሞ አፍ ያስይዛል። አልፎ ለሄደ ዋጋ ይህን ያህል መጠየቃቸው እስካሁን ያንገበግበኛል።

ከእነሱ ያዳነን ፕራፉል ኮቴቻ ነው። ከእኔ ቤት በላይ ያለው ፎቅ ላይ ይኖራል። ከገበያው የሚመጣውን ዋጋ ራሱ በሠራው ፕሮግራም ዓመት ከዓመት ይመዘግባል፤ እኛም የኢንተርኔትና የመብራቱን እናዋጣለን፣ ከሻይ ወጪያችን አይበልጥም። ሕጉ አንድ ነው፤ ሳይመዘገብ ያለፈ ደቂቃ ባዶ ይተዋል እንጂ በግምት አይሞላም። ግምት ከፈለጋችሁ ጠንቋይ ቤት ሂዱ ይለናል።

ፕሮግራሙ ጠዋት ገበያው ሲከፈት በራሱ ይነሳል። በመብራት በዓላችን በዲዋሊ ቀን ግን ገበያው የሚከፈተው አመሻሽ ላይ ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው፤ አዲሱ ዓመት በጎ እንዲሆን ሁሉም ትንሽ ትንሽ የሚገዛባት ሰዓት ናት። ያን ቀን ፕሮግራሙን በእጅ ማስነሳት ያስፈልጋል። እሱ ያስነሳ ነበር፣ ሚስቱ ሃንሳቤን እጇን ታጥባ ትመጣና የዓመቱን የመጀመሪያ አክሲዮን ትገዛ ነበር። የምትመርጠው ስሙ ደስ ያላትን ነበር። አብዛኛውን ጊዜም ታተርፍ ነበር፤ ይሄ ነገር ሁላችንንም ያበሽቀን ነበር።

ከአራት ዓመት በፊት፣ የዲዋሊው ገበያ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው፣ ደጃፉ ላይ ኩራዝ እየደረደረች ሳለ ወደቀች። ወደ ሐኪም ቤት ስንሮጥ መንገድ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ አረፈች። ፕሮግራሙን ያስታወሰ ሰው አልነበረም።

ፕራፉል አላለቀሰም። ለቅሶ ደራሹ ሳያባራ ወንበሩ ላይ ተመለሰ። እንዴት ነህ ሲሉትም፣ ገበያው እንዴት ነው ሲሉትም በአንድ ዓይነት ድምፅ ነው የሚመልሰው። ሴት ልጁ መጥታ የእናቷን ልብስ ስታወጣ፣ ውሰጂው ብሏት ስክሪኑን ማየቱን ቀጠለ። ሰውዬው ድንጋይ ሆነ አልን። እኔማ አንዳንዴ ይዤ ብነቀንቀው ደስ ባለኝ።

ዘንድሮ ዲዋሊ ሲቃረብ፣ ከእኛው አንዱ የሆነው ቼታን የየዓመቱን የዲዋሊ ሰዓት ለይቶ ዘዴ ሲሞክርበት ያቺን ባዶ ሰዓት አገኛት። ሱራት ከተማ ውስጥ እንደኛ የተሰባሰቡ ሰዎች ያን ዋጋ እንዳላቸው፣ እኛ በመዘገብነው የጉሎ ፍሬ ዋጋም ሊለዋወጡን ፈቃደኛ እንደሆኑ ነገረን። ሁላችንም ደስ አለን። ፕራፉል ግን ፋይሉ ተልኮለትም አላስገባውም። በማግስቱ ጋንቲያ የሚባለውን የሽምብራ ጥብስ ገዝቼ፣ ልቆጣውም ተዘጋጅቼ ወደ ቤቱ ወጣሁ።

"ምን አለበት?" አልኩት። "ግምት አይደለ፣ እውነተኛ ዋጋ ነው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ሌላው ቀን ሁሉ ሙሉ ነው፣ ወንድሜ ማንሱክባይ። ያን ቀን ከፍቶ ያየ ሰው ግን እዚህ ቤት አንድ ነገር እንደደረሰ ያውቃል። እኔ እንደሆንኩ ማልቀስ እንኳ አቅቶኛል። ያቺ ሰዓትም ከሞላች ምን ይቀረኛል?"

ያዘጋጀሁት ቁጣ ሁሉ የት እንደገባ እንጃ። በቃ ተወው፣ ለቼታን እኔ እነግረዋለሁ አልኩት። እሱ ግን አልተቀበለኝም፤ ሁሉም ያዋጣበት ነው፣ የእኔ ብቻ አይደለም አለ። ከሱራት የመጣውን ፋይል ከፈተና ባዶው ቦታ ላይ አስገባው።

ከዚያ ያቺን ሰዓት ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ዝቅ እያደረገ ያይ ጀመር። እኔም ከኋላው ቆሜ አየሁ። ዋጋው ሳንቲም ይጨምራል፣ ሳንቲም ይቀንሳል፣ ሌላ ነገር የለውም። አንድ መስመር ላይ ሲደርስ ጣቱን አሳረፈ።

"ያረፈችው እዚህች ደቂቃ ላይ ነው" አለኝ።

ከዚያ መስመር በላይ ያለው ዋጋና ከሥሩ ያለው ያው ነው።

"እየው፣ ምንም አልሆነም" አለ። "ምንም አልሆነም፣ ማንሱክባይ።"

ጣቱን ከስክሪኑ አነሳና የሞላውን መዝገብ ለሁላችንም ላከው። ኪሴ ውስጥ ያለው ስልኬም ጮኸ።