የጀልባ ሞተር በጎሮ

አባቴ መካኒክ ነው። ያን ቅዳሜ ጎሮ ያለው ግቢያችን ውስጥ፣ ውሃ የሞላ በርሜል ላይ የአጎቴን የጀልባ ሞተር አስሮ እየሞከረ ነበር። አጎቴ በማግስቱ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ሰው ሊያሻግርበት ነው። ሞተሩ ግን ይነሳና አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ትር ትር ብሎ ይጠፋል።

«ሐይቁ መሀል እንዲህ ቢጠፋስ?» አልኩ።

«እዋኛለኋ!» አለ አጎቴ።

«አንተ? ሻወር የምትፈራው ሰውዬ?» አለው አባቴ።

አባቴ ማጣሪያውን አጸዳ፣ ቤንዚን የሚያስተላልፈውን ጎማ በአፉ ነፋ። አሁንም ጠፋ። ያኔ ከበርሜሉ አጠገብ የተቀመጠውን የላስቲክ የቤንዚን ታንክ አየሁት፤ ጎኑ ወደ ውስጥ ተጨራምቷል። ክው አልኩ። ጠዋት ቤንዚን ቀድተን ስንመለስ መኪናው ውስጥ እንዳይፈስ ብዬ፣ ለዘይት ጀሪካን እንደምናደርገው፣ ክዳኑ ስር ፌስታል ያደረግኩት እኔ ነኝ። ክዳኑ ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ቀዳዳ ደፍኜዋለሁ፤ አየር ካልገባ ደግሞ ቤንዚኑ አይወጣም።

«አባዬ፣ እኔ ነኝ» አልኩና ክዳኑን ስከፍተው ታንኩ ፍስስ ብሎ አየር ሳበ። ፌስታሉን አወጣሁ። አባቴ ሞተሩን አስነሳው። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ አሥር ደቂቃ ሞላ፤ አልጠፋም! በደስታ ልዘል ምንም አልቀረኝም።

«በይ አሁን ክደኚው» አለኝ አባቴ።

ክዳኑን ይዤ ቆሜ ቀረሁ፤ መዝጋቱን ፈርቼ።