የአባቴ ድመት እድር ስትገባ

ለድመት የጤና ኢንሹራንስ እንደሚገባላት አባቴ የሰሙት ከእኔ አይደለም፤ ከአፍጋናዊው ጎረቤታችን ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎች የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ቶሮንቶ ውስጥ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባል ሰፈር በሚገኘው ሕንጻችን ደጃፍ ባለች አግዳሚ ወንበር ላይ ጠዋት ጠዋት ጎን ለጎን ይቀመጡና አንደኛው በአማርኛ፣ ሌላኛው በራሳቸው ቋንቋ ያወጋሉ። እንዴት እንደሚግባቡ እስካሁን አልገባኝም፤ ግን ይግባባሉ። ጥሩ የበግ ሥጋ የት እንዳለ፣ የትኛው ሊፍት እንደተበላሸ፣ በየትኛው ፎቅ ማን እንደታመመ አባቴ የሚነግሩኝ ከዚያ ወንበር ተነስተው ሲመጡ ነው። ድመቷንም ይዘው የመጡት ከዚያው ነው። የጎረቤታችን ድመት አራት ወልዳ ሦስቱን ልጆቻቸው ተከፋፈሏቸው፤ አራተኛዋ፣ ግራጫዋ፣ ለአባቴ ደረሰች።

እኔ መጀመሪያ ላይ አልወደድኳትም። ሶፋዬን ቧጨረችው፣ መጋረጃዬን አወረደችው። ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። አባቴ ቶሮንቶ የመጡት እናታችን ከሞተች በኋላ፣ ለሦስት ወር ብቻ ብለው ነበር። ሦስት ወሩ ሲያልቅ «ረመዳን ይለፍ»፣ ረመዳን ሲያልፍ «ብርዱ ይለፍ» እያልኩ እኔ ነኝ ያቆየኋቸው፤ እሳቸው ግን በቀን ሁለቴ ሥራ ቦታዬ ኮል እያደረጉ «ቲኬቱ እንዴት ሆነ?» ይሉኝ ነበር። ድመቷ ከመጣች በኋላ ስልኩ ቆመ። በአፋቸው «በሚቀጥለው ወር እሄዳለሁ» ማለቱን አልተዉም፤ ብቻ የትኛው ወር እንደሆነ አይናገሩም። ይሄ ሦስት ዓመት ሆነው። ለዚያች ድመት ምን ያህል ባለውለታ እንደሆንኩ የማውቀው እኔ ነኝ።

ባለፈው መኸር፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ የጎረቤታችን ድመት የስፌት ክር ዋጠች። ሆዷ ተቀደደ፣ ተሰፋ፣ አላህ ይመስገን ዳነች። ሂሳቡን ወንዶቹ ልጆች ተካፍለው ከፈሉ። እኛ ሰዎቹ የመንግሥት የጤና ካርድ አለን፤ ለእንስሳ ግን መንግሥት አያውቅልህም። አባቴ ይህን ሁሉ ሰምተው ወደ ቤት ሲገቡ ፊታቸው ሌላ ነበር። ጫማቸውን እንኳን በደንብ ሳያወልቁ፦

«ይቺ ድመት እድር ትግባ» አሉኝ።

«የምን እድር አባባ?»

«ለድመት አለ አሉ። በየወሩ ትከፍያለሽ፣ ስትታመም ይደርሱልሻል። እድር ማለት ይሄ አይደለም እንዴ? ካልገባች ደግሞ ቅዳሜ ስካርቦሮ ሰፈር ያለው ወዳጄ ይምጣና ይውሰዳት። እሱ ግቢ አለው፣ አቅምም አለው። አንቺ ላይ ይህን ጣጣ አልጥልም።»

«አባባ፣ እኔ ራሴ መነጽሬን ከኪሴ ነው የምገዛው! ለድመት ኢንሹራንስ?»

«እንግዲያው ትሂድ።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ እዚህ ብቻዬን ግድግዳ ሳይ ልዋል? አብረሽ ቲኬቴን ቁረጪልኝ።»

ቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር። አይደለም። ሰኞ ማታ ነው ይህን ያሉኝ፤ እስከ ቅዳሜ ስንት ቀን እንዳለኝ በጣቴ ቆጠርኩ።

እኔ በሥራዬ የምኮራ ሰው ነኝ፣ አልደብቅም። ጥርስ ሐኪም ቤት እንግዳ ተቀባይ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ የማደርገው የሰው ኢንሹራንስ ወረቀት መሙላትና መላክ ነው። የድመት ፎርም ምን ያቅተኛል? ማክሰኞ ከሥራ በኋላ ላፕቶፔን ከፍቼ ሦስት ኩባንያ መረጥኩ። አባቴ የእንግሊዝኛ ስማቸውን መያዝ ስላልፈለጉ ሰማያዊው፣ አረንጓዴውና ባለ ውሻው ብለው አወጡላቸው። የድመቷን የልደት ቀን ጠየቅኳቸው። አባቴ ሠላሳ ዓመት የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበሩ፤ የማይጽፉት ነገር የለም። ደብተራቸውን ገልጠው አንዷን መስመር አሳዩኝ፣ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ በቁጥር። ገለበጥኩት፤ ሦስቱንም ፎርም በሃያ ደቂቃ ውስጥ ጨርሼ ሻይ አፈላሁ።

ረቡዕ መልሱ መጣ። ሰማያዊው አንቀበልም አለ። አረንጓዴው ለአደጋ እንጂ ለበሽታ አንሸፍናትም አለ። ባለ ውሻው እሺ ብሎ የጻፈው ዋጋ የኔን የመኪና ኢንሹራንስ ሊያክል ምንም አልቀረው። ለአባቴ ነገርኳቸው። ድመቷን አንስተው አቀፏትና «ጥፋቷ ምንድን ነው?» አሉ። ቀጥለው ለስካርቦሮው ወዳጃቸው ሊደውሉ ስልካቸውን ሲያነሱ ሳይ ደሜ ፈላ። ኩባንያዎቹ ላይ ነው የተናደድኩት፤ ያቺ ድመት ከእኔ የተሻለ ጤና አላት። «ነገ እረፍት ነኝ፤ ደውዬ ልካቸውን እነግራቸዋለሁ፤ እስከዚያ እንዳይደውሉ» ብዬ ለመንኳቸው።

ሐሙስ ቁርስ እንደበላን ሁለታችንም ከስልኩ ፊት ተቀመጥን። ድመቷ የአባቴ ጭን ላይ ናት።

«ስፒከር ላይ አድርጊው» አሉኝ። እንግሊዝኛ ባይናገሩም ይቺን ያውቋታል።

አረንጓዴው ጋ ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ድምጿ ለስላሳ ነው። ለቁጣ ያዘጋጀሁትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። ልጅቷ በትዕግሥት ሰምታኝ፣ በጣም አዝናለሁ፣ ነገር ግን አስር ዓመት የሞላት ድመት አዲስ ስትገባ ለበሽታ አንሸፍንም አለችኝ።

አባቴ ጆሯቸው ቆመ። የእንግሊዝኛ ቁጥር ከአውቶቡሱ ለምደዋል። «ቴን? ቴን ያለችው ምኑን ነው?»

«ዕድሜዋን ነው አባባ፤ አስር ዓመቷ ነው እያለችኝ ነው።»

«የማን?»

«የድመቷ።»

አባቴ ድመቷን አዩ፣ እኔን አዩኝ። «ልጄ፣ ይቺ ድመት እኮ ዓይኗን የገለጠችው እኔ አጠገብ ነው። ሦስት ዓመቷ ነው።»

ያኔ ነው ፎርሙን ከፍቼ ያየሁት። ፊቴ በርበሬ ሆነ። አባቴ የጻፉት በእኛ አቆጣጠር ነበር፤ ኅዳርን ሦስት ብለው፣ ዓመቱንም እንደ አገራችን። እኔ ደግሞ ሳላስብ፣ ቁጥሩን እንዳለ፣ ለፈረንጅ ሦስት ቦታ ላክሁት። በአንድ ጠቅታ ድመቷን ከሰባት ዓመት ተኩል በላይ አሳደግኳት። ክሊኒካችን የአገሬ ልጅ በመጣ ቁጥር ገና ስሙን ሳልጨርስ «ይሄ የልደት ቀን በእኛ ነው በፈረንጅ?» ብዬ የምጠይቅ፣ ተሳስተው የመጡትንም በልቤ የምታዘብ ሰው ነኝ።

ተናደው ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ አባቴ ሳቁ። እንባቸው እስኪወርድ፣ ድመቷ ደንግጣ ከጭናቸው እስክትዘል ሳቁ። «እኔ በሰባ ስምንት ዓመቴ ስመጣ እንኳን ኢንሹራንሱ ተቀብሎኛል! ምስኪኗን በሦስት ዓመቷ አስረጀሻት!» እኔም ያዘኝ። ልጅቷ በስልኩ ውስጥ «ሄሎ? ሄሎ?» ትላለች። እንደምንም ትንፋሼን ሰብስቤ አስረዳኋት። እሷም ሳቀች። ባለፈው ዓመት የከተበቻት ሐኪም መዝገብ ላይ ትክክለኛ ዕድሜዋ ካለ ያንኑ ላኪልኝ፣ ይበቃል አለችኝ። እዚያው የእንስሳት ሐኪሟ ጋ ደውዬ አስላኩት፤ ልጅቷም መልሳ ደወለች። ለበሽታም እንሸፍናታለን አለች፤ ዋጋውም የሚቻል ሆነ።

እኔ «እሺ፣ አስገቢን» ልላት ስል አባቴ እጃቸውን አነሱ። «ቆይ። ደንቡን ሳይሰሙ እድር ይገባል እንዴ?»

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሳስታውሰው አሁንም ደስ ይለኛል። ሥራዬ ኢንሹራንስ ሆኖ እነዚያን ጥያቄዎች አንዱንም አላሰብኳቸውም ነበር። አባቴ ወገባቸውን አቃንተው፣ የእድር ስብሰባ ላይ እንዳሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዛሬ ገብተን ነገ ብትታመምስ? ለበሽታ ሁለት ሳምንት መጠበቅ አለ አለች ልጅቷ። «ትክክል ነው፤ እኛም አዲስ አባል እናስጠብቅ ነበር» አሉ በመርካት። መጀመሪያ የምንከፍለው እኛ ነን ወይስ እናንተ? እኛ ከፍለን፣ ደረሰኝ ልከን፣ ከዚያ ይመልሳሉ፤ የመጀመሪያውን የተወሰነ ሂሳብ ግን በየዓመቱ ራሳችን እንችላለን። ከዚያ በኋላ ካለውስ ምን ያህሉን? ጥርስስ? ክር ብትውጥስ? በክሩ ላይ ሁለት ጊዜ አስጠየቁኝ።

«ከመግባቷ በፊት የነበረባት ህመምስ?» አሉ።

«እሱን አይሸፍኑም አባባ።»

«እንግዲያው ያቺን ዓይኗን ንገሪያት። ባለፈው ክረምት ያነባ ነበር።»

በአማርኛ፣ ልጅቷ እንደማትሰማ እያወቅኩ እንኳን ድምፄን ቀነስኩ። «ምን አደረገን? ድና የለ? ሐኪምም አላያትም፤ የት ያውቃሉ?»

አባቴ በዓይናቸው ገሰጹኝ። «ደብቆ የገባ አባል መች እንደሚሰረዝ ታውቂያለሽ? የቸገረው ቀን ነው የሚሰረዘው። እኔ ራሴ ሰርዤ አውቃለሁ፤ እያለቀስኩ ነው የሰረዝኩት። ንገሪያት።»

ነገርኳት። ልጅቷ ጻፈችው። የዓይኑ ነገር ለአንድ ዓመት ካልተመለሰ እንደገና ሊታይ ይችላል አለች፤ ሌላው ሁሉ ይሸፈናል። አባቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይቺ ልጅ ደህና ጸሐፊ ናት» አሉ። ሰማያዊውንና ባለ ውሻውን አስተዉኝ፤ የሚጠይቁትን የሚመልስ ሰው ስልክ የሚያነሳበት ይሻላል ብለው። እኔ ዋጋ ብቻ ነበር የማወዳድረው።

«አሁን የመጨረሻ» አሉ። «ዋጋው በየዓመቱ ይጨምራል ወይ?»

ጠየቅኩ። ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር ይጨምራል አለች።

አባቴ ድመቷን መልሰው ጭናቸው ላይ አስቀመጡ፤ ጀርባዋን እየዳበሱ ትንሽ አሰቡ።

«እሺ። የዛሬ አምስት ዓመት ስንት ግድም እንደሚሆን ጠይቂያት። ከአሁኑ ልወቀው፤ ያኔ እንዳያስደነግጠኝ።»

ከስልኩ ዞሬ እሳቸውን አየሁ። የሚሄዱበትን ወር እንኳን የማይናገሩት ሰውዬ ድንገት አምስት ዓመት አሉኝ፣ እንደ ዋዛ፣ ድመት እየዳበሱ። እሳቸው የተናገሩትን ያወቁት አይመስለኝም። ከደስታዬ ብዛት መጠየቁን ረሳሁ፤ ልጅቷ አሁንም «ሄሎ?» ትላለች።

«ጠይቂያት እንጂ!» አሉ አባቴ።

ጠየቅኳት። ልጅቷ ቁጥሩን በትክክል ነገረችኝ፤ እኔ ግን አልሰማሁትም፣ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።