ለአንድ ጠዋት የተመረቀ ውሃ

እናቷ ያወጣችላትን ስም ሰፈሩ ረስቶታል። የጋራውን ቧንቧ ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ስለምታንጠለጥል ትልቁም ትንሹም "ቁልፌ" ይላታል፤ በዕድሜ የሚያንሳት ደግሞ "እትዬ ቁልፌ"። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ቦኖውን ስትከፍትና ስትዘጋ፣ የጀሪካኑን ወረፋ ስታስከብር ኖራለች። ሥራው ለሩቅ ተመልካች ቀላል ይመስላል። ውሃ በሳምንት አንዴ በሚመጣበት፣ የመጣ ዕለትም ጠብ ጠብ በሚልበት ዳገታማ ሰፈር ግን ወረፋ ማስከበር ዳኝነት ነው። ሁለት ሴቶች ፀጉር ለፀጉር ሊያያዙ ሲሉ ቁልፌ መሃል ትገባና፣ "ቀድማ የመጣችው እሷ ናት፤ ሕፃን ያለው ግን ያንቺ ቤት ነው። ቅጂና ሂጂ!" ትላለች። ካለች አለቀ፤ ይግባኝ የለም። ቃሏ ይታመናል። ጣጣው የመጣውም ቃሏ ስለሚታመን ነው።

ምርጫው ሲቃረብ አንድ እጩ ሰፈሩ ውስጥ ብቅ አለ። ፊቱ የወዛ፣ ድምፁ የለሰለሰ ሰው ነው። የሚነገረውን ሁሉ ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ መልሱ ግን አንድ ብቻ ነው።

"ውሃው ዳገቱን መውጣት አቅቶታል፤ ፓምፕ ይተከልልን" አሉት።

"ይደረጋል።"

"መንገዱ በክረምት አያስኬድም።"

"ይደረጋል።"

አንድ የሰፈሩ ነገረኛ ግንበኛ ከኋላ ሆኖ፣ "ሚስቴም ወንድ ልጅ አምሯታል" ቢለው፣ እጩው ሳያስተውል "እሱም ይደረጋል" አለና ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያች ቀን ወዲህ ስሙ "አቶ ይደረጋል" ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዕለት አቶ ይደረጋል ጎንበስ ብሎ የአንዲት አሮጊት ጀሪካን ብድግ አድርጎ ትከሻው ላይ ጣል አደረገ። ፎቶ አንሺው ከግራም ከቀኝም ቀጭ ቀጭ አደረገው። ማታ ራት ላይ የቁልፌ ልጅ፣ ፀጉር ቤት የምትሠራው፣ ነገሩን አነሳችው።

"እማዬ፣ ካሜራው ዞር ሲል ጀሪካኑን መሬት አስቀመጠው እኮ! አሮጊቷ ራሷ ተሸክማ ሄደች።"

ቁልፌ ይህንን አይታለች። ማየቱንስ አይታለች፤ ልብ የወደደውን ግን ዓይን ይሸፍንለታል። "ወገቡን አሞት ይሆናል" አለች።

"ወገብ መች አለውና! ሰውየው ምላስ ብቻ ነው" አለች ልጅ።

ቁልፌን የጨረሳት ጀሪካኑ አልነበረም። ሰውየው ሲሰናበት እጇን በሁለት እጁ ይዞ፣ "እትዬ፣ ያለ እናንተ እኔ ማን ነኝ?" ብሏት ነበር። ባሏ ከተቀበረ ወዲህ እጇን እንዲያ የያዘላት ሰው የለም። ስለዚህ ቦኖው ሥር ለቆመው ሁሉ ትሰብክለት ጀመር። "እሱን ምረጡ። ውሃ ባያመጣ እኔን ጠይቁኝ፤ እኔ አለሁላችሁ!" አለች። ሰፈሩም አቶ ይደረጋልን ሳይሆን ቁልፌን አምኖ ለአቶ ይደረጋል ድምፁን ሰጠ። ሰውየው አሸነፈ፤ ጨፈሩለት፤ በመኪና መስኮት እጁን አውለበለበና ሄደ። ሄደ ስል እንደ ሄደ ቀረ ማለቴ ነው።

ክረምቱ ወጣ፤ በጋው ገባ። ቦኖው ጭራሽ አቃሰተና ዝም አለ። "እትዬ ቁልፌ፣ የት አለ ያ ሰውሽ?" ይሏት ጀመር። መጀመሪያ በቀልድ ነበር፤ ቆይቶ ቀልዱ ተነነና ምሬቱ ብቻ ቀረ። የግንበኛው ሚስት ከወለደች ወር ያልሞላት አራስ ናት። አንድ ቀን ባዶ ጀሪካን ይዛ መጥታ ባዶውን ስትመለስ፣ "አንቺን ብለን ነበር እኮ" አለቻት። ቁልፌ ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ማግስቱን ለክት ያስቀመጠቻትን ነጠላ ለብሳ፣ ጫማዋን ወልውላ ወደ ተመራጩ ቢሮ ሄደች። መተላለፊያው ላይ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ወንበሩ ላይ ከእሷ በፊት የመጡ ሰዎች ፊታቸውን እንዳጨፈገጉ ተደርድረዋል። ጥጉ ላይ የታሸገ ውሃ እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ፀሐፊዋ አንዱን ጠርሙስ ከፍታ መስኮቱ ላይ ያለችውን አበባ አጠጣችበት። ቁልፌ ዓይኗ ከአበባዋ ላይ አልነቀል አለ። ጥም ያቃጠለው ሰፈር ጥላ መጥታ፣ በታሸገ ውሃ የምትቀናጣ አበባ ማየቷ!

ሰውየው ከሰዓት በኋላ ብቅ አለ። ሊያልፋት ሲል ተነስታ ፊቱ ቆመች።

"ጌታዬ፣ የቦኖዋ ነኝ። አስታወሱኝ?"

"እንዴታ! እንዴት ናችሁ? ልጆች ደህና ናቸው?" አለ፤ ዓይኑ ግን ስልኩ ላይ ነው።

"የውሃውን ነገር…"

"ይደረጋል" አለና በሩ ውጦት ቀረ።

ነገሩስ ተደረገ። ምርጫ ዳግም ሲቃረብ ሠራተኞች መጥተው አሮጌውን ቦኖ አፈረሱት፤ በቦታው ነጭ ሸክላ የተለበጠ፣ የሚያብረቀርቁ ቧንቧዎች የተገጠሙለት ግንብ ገተሩ። ግንባሩ ላይ የአቶ ይደረጋል ስም በእብነ በረድ ተቀረጸ። ፓምፕ ግን የለም። ቁልፌ አለቃቸውን ብትጠይቀው፣ "እኔ ግንቡን ብቻ ነው የታዘዝኩት" አላት።

የምርቃቱ ጠዋት ድንኳን ተተከለ፤ ድምፅ ማጉያው ጮኸ። ከቢሮ የመጣ ጎረምሳ ቁልፌን ጠርቶ፣ "ሪባኑ እስኪቆረጥ ማንም ቧንቧውን እንዳይነካ። የመጀመሪያዋን ብርጭቆ የሚቀዱት የክብር እንግዳው ናቸው" አላት። ከዚያ ለካሜራው ሙከራ ብሎ ቧንቧውን ከፈተው። ውሃው ፏ ብሎ ወረደ! ቁልፌ ደነገጠች፤ ደረቷን ይዛ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ወዲያው ግን ከግንቡ ጀርባ፣ ከግንበኛው ግቢ፣ የሞተር ድምፅ ሰማች። ዞራ ሄደች።

ግቢው ውስጥ የውሃ ቦቴ ቆሟል። ከቦቴው የወጣ ወፍራም ጎማ በግድግዳው ቀዳዳ ወደ ነጩ ግንብ ገብቷል። ሹፌሩ ጎማው ሥር ቁጭ ብሎ ዳቦ ይገምጣል።

"ይህ ምንድን ነው?" አለችው።

"ምርቃት ነዋ፣ እናቴ" አላት፤ ሳያፍር። "ትናንት ማዶ ሰፈር መረቅን፤ ነገ ደግሞ ከታች አለ። ይቺ ከትናንቱ የተረፈች ናት፣ ግማሽ አትሞላም። ከሹሞቹ ሁሉ ይበልጥ የመረቅሁት እኔ ነኝ።"

"ከሪባኑ በኋላስ?"

"በኋላማ ጎማዬን ጠቅልዬ እሄዳለሁ።"

ቁልፌ ያ ሁሉ ስብከቷ፣ ያ ሁሉ "እኔ አለሁላችሁ" ትዝ አላት። ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው ግን ቁጣ ሆኖ ወጣ።

"ውሃው ለማን ነው አሉህ?"

"ለሰፈሩ።"

"እንግዲያው ሰፈሩ ይውሰዳ!"

ሹፌሩ አያት። ዳቦውን አላምጦ ዋጠና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። "እኔ ምንም አላየሁም። የኋላው መክፈቻ ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው" አለ።

ከፊት ለፊት ንግግሩ ተጀመረ። አቶ ይደረጋል "ሕዝባችን" ባለ ቁጥር አንዲት ሴት ከድንኳኑ ሹልክ ትላለች። "ቆራጥ አመራራችን" ሲል ሌላዋ። በግንበኛው ግቢ ወረፋው ተሰልፏል፤ ቁልፌ እንደ ልማዷ ታስከብራለች፤ ድምፅ የለም፣ ግፊያ የለም። ያኔ አራስ የነበረችውን የግንበኛውን ሚስት አስቀደመቻት። ጀሪካን፣ ባልዲ፣ ድስት፣ የሕፃን መታጠቢያ ሳይቀር ሞላ። የክብር እንግዳው በተራቸው ስለ ውሃ ጥቅም ሰፊ ማብራሪያ ሰጡ። እግዜር ይስጣቸው፤ ንግግራቸው ባይረዝም ኖሮ የኋለኞቹ ባዷቸውን በቀሩ ነበር።

ሪባኑ ተቆረጠ፤ ተጨበጨበ። እንግዳው ብርጭቆ ይዘው ቧንቧውን አዞሩት። ቧንቧው አፏጨ፣ አጉተመተመ፣ አንዲት ጠብታ ጠብ አደረገና በእጅጌያቸው ላይ አየር ተፋ።

አቶ ይደረጋል እየሳቀ፣ በጥርሱ መሃል፣ "እትዬ፣ ምን ሆኖ ነው?" አላት።

ቁልፌ ዛሬ ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ አላሰኛትም። "ውሃውማ አለቀ፣ ጌታዬ። ቦቴው ውስጥ የነበረውን ሰፈሩ ቀዳው። ለሰፈሩ አይደል ያመጡት?"

ግንበኛው ከኋላ፣ "ይደረጋል!" ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሳቀ። እንግዶቹ ወደ መኪናቸው ተጣደፉ።

ቁልፌ ያን ቀን ያሸነፈች መስሏት ነበር። ከምሽቱ ዜና በፊት ጎረቤቶቿ ቴሌቪዥኑ ፊት ተኮልኩለው የአቶ ይደረጋልን ውርደት ሊያዩ ጠበቁ። ዜናው ያሳየው ግን የጠዋቱን ሙከራ ነው፤ ፏ የሚል ውሃ፣ የሚጨበጭብ ሕዝብ፣ "የዘመናት ጥያቄ ተመለሰ" የሚል ድምፅ። ሳቁ ከሰው ፊት ላይ ጠፋ። በሳምንቱ ያ ጎረምሳ መጥቶ የቦኖውን ቁልፍ ተረከባት፤ ለደረቅ ቧንቧ ሌላ ጠባቂ ተቀጠረለት። በምርጫውም አቶ ይደረጋል አሸነፈ። ሌሎች ሰፈሮች ዜናውን አይተው ነዋ! ጭራሽ የውሃ ጉዳይ ኮሚቴ ሰብሳቢ አድርገው ሾሙት። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ የተባለው ለዚህ ኮሚቴ ሳይሆን አይቀርም።

ቁልፌ ግን ቤቷ አልተቀመጠችም። የቦቴውን ሹፌር ፈልጋ አገኘችው። ሰፈሩ እያዋጣ ቅዳሜ ቅዳሜ ያስመጣዋል፤ ሹፌሩ ያለ ሪባን፣ ያለ ንግግር ይመጣል፤ እሷም ወረፋውን ታስከብራለች። ማንም አልመረጣት፣ ማንም አልመረጠው።

በሚቀጥለው ምርጫ ዋዜማ አንድ አዲስ እጩ፣ ወጣትና ፈገግተኛ፣ ካሜራ አስከትሎ ቦቴው ሥር መጣና የአንዲትን ሴት ጀሪካን ሊያነሳ ጎንበስ አለ።

"ተው፣ ልጄ" አለችው ቁልፌ። "የምታነሳው ከሆነ ቤቷ ድረስ ነው። ዳገቱ ያውና።"

ወጣቱ ዳገቱን አየ። ካሜራውን አየ። ጀሪካኑን ቀስ ብሎ ለቀቀው።

ማምሻውን ልጇ እየሳቀች፣ "ዘንድሮስ ትመርጫለሽ?" አለቻት።

"እመርጣለሁ። ድምፄ የራሴ ነው፤ ለምን ይቅርብኝ? አፌን ግን ከእንግዲህ ለማንም አላውስም" አለች ቁልፌ፤ እርጥብ ጫማዋንም አውልቃ በር ላይ አሰጣችው።