መጠየቅ የተማረው ሰው

አስተማሪዋ ሁለተኛ ዲግሪዋን የጀመረችው ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ ነው። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት ስትሠራ ኖራ፣ ልጆቿ ራሳቸውን ሲችሉላት ተመዘገበች። አብረዋት የሚማሩት ወጣቶች «እማማ» እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷም «እማማችሁ ሳትመረቅ አትሞትም» ትላቸዋለች።

ለመመረቂያ ጥናቷ የመረጠችው አንድ ሰው ብቻ ተይዞ የሚሠራውን ዓይነት ነው። እንዲህ ባለው ጥናት ሰውየው የሚወዳደረው ከራሱ ጋር ነው። መጀመሪያ እንዳለ ይታያል፤ ቀጥሎ እርዳታ ይሰጠዋል፤ ከዚያ እርዳታው ይነሳበታል፤ በመጨረሻ ይመለስለታል። ችግሩ እርዳታው ሲመጣ ቀንሶ፣ ሲሄድ ከጨመረ፣ ለውጡን ያመጣው እርዳታው ነው ይባላል።

ያንን አንድ ሰው ያገኘችው ቀሚስ ልታሳጥር የሄደች ዕለት ነው። ልብስ ሰፊዋ በአንዲት ክፍል ውስጥ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ትኖራለች። ጎልማሳ ነው፤ ጢሙን የምትላጨው ግን እሷ ናት። አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። እጁን አጣጥፎ ሰው ሲያይ የሚፈርድ ስለሚመስል ጎረቤቱ «ዳኛው» ይለዋል። የስፌት መኪናው ድምፅ ሲበዛበት ግን ተነስቶ ግንባሩን ከግድግዳ ጋር ያላትማል። መኪናው ካልሠራ ደግሞ ሁለቱም ጾማቸውን ያድራሉ።

አስተማሪዋ አንድ ነገር አስተማረችው። ድምፁ ሲበዛበት ቀይ ጨርቅ አንስቶ መኪናው ላይ እንዲያኖር። ጨርቁ ሲቀመጥ እህቱ እግሯን ከመርገጫው ታነሳና ግቢ ይዛው ትወጣለች፤ እስኪረጋጋ አብራው ትቆማለች። መጀመሪያ እጁን እየያዙ አለማመዱት፤ ቆይቶ ራሱ ማኖር ጀመረ። ግንባሩ ላይ የኖረው ቁስል ደረቀ።

«እህቴ፣ ወንድሜ አወራኝ እኮ» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ እንባዋን በመለኪያ ሜትሯ ጫፍ እየጠረገች።

የጥናት አማካሪዋ፣ ዳኛው በየቀኑ ስንት ጊዜ ግንባሩን እንደሚያላትም የሚያሳየውን ግራፍ አየና ደስ አለው። «በጣም ጥሩ። አሁን እርዳታውን አንሺበት።»

«ዶክተር፣ ሰውየው እኮ ተሽሎታል። ሳያነሱ የሚሠራበት ሌላ ንድፍ አለ አይደል? ጊዜ እያራራቁ በተለያየ ቦታ የሚጀመረው?»

«እሱን ከመነሻው ነበር ማሰብ። አሁን በእጅሽ ያለው አንድ ሰው፣ አንድ ክፍል ነው። ካላነሳሽበት፣ በአጋጣሚ ነው የተሻለው ይሉሻል። ደግሞ ለጥቂት ቀን ነው፤ መልሰሽ ትሰጪዋለሽ።»

ለጥናቷ የተሰጣት የማራዘሚያ ጊዜ እያለቀ ነበር። ሄዳ ለልብስ ሰፊዋ ነገረቻት።

«ጨርቁን ሲያመጣልኝ መስፋቴን ልቀጥል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«ጆሮ ዳባ ልበስ ልበለው?»

አስተማሪዋ መመዝገቢያ ወረቀቷን አወጣች። ልብስ ሰፊዋ «እንግዲህ ያዳንሽው አንቺ ነሽ። አንቺ ካልሽ እሺ» አለች።

ግድግዳው ላይ ፍራሽ አስደገፉና ጀመሩ። መኪናው ሲጮህ ዳኛው ተነስቶ ጨርቁን አኖረ። መኪናው አልቆመም። አነሳና እንደገና አኖረው፤ ያልታየለት መስሎት በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አድርጎ ዘረጋው። እህቱ አንገቷን ደፍታ መርገጧን ቀጠለች። የእህቱን ፊት ጎንበስ ብሎ አየ። ከዚያ ጨርቁን ይዞ ጥግ ላይ ተቀምጣ ወደምትመዘግበው አስተማሪ መጣና ጉልበቷ ላይ አኖረላት።

አስተማሪዋ ዓይኗን ከወረቀቷ አላነሳችም። ደንቡ እንደዚያ ነው። ጥቂት ቆሞ ጠበቃት፤ ከዚያ ፍራሹን አልፎ ወደ ባዶው ግድግዳ ሄደ። ልብስ ሰፊዋ ትሰፋው የነበረው የትምህርት ቤት ዩኒፎርም በእንባዋ ራሰ።

ለጥቂት ቀናት እንዲህ ሆነ። የግራፉ መስመር ወደ ላይ ወጣ፤ አማካሪዋ «እንዲህ ነው እንጂ» አለ።

እርዳታው የሚመለስበት ቀን ልብስ ሰፊዋ እግሯን ለማንሳት ተዘጋጅታ ጠበቀች። ጨርቁ አልመጣም። ዳኛው እያየው አልፎት ወደ ግድግዳው ሄደ። እንደ በፊቱ እጁን ይዘው ሊያስጀምሩት ሞከሩ፤ እጁን ነጠቃቸው። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ያው ነው። ደርቆ የነበረው ቁስል ተከፈተ። አስተማሪዋ ክፍል ውስጥ ልጅ ሲጠራት ትደነግጥ ጀመር።

«የጥናቱን የመጨረሻ ክፍል ጊዜ አልበቃኝም ብለሽ ተዪው። ሦስቱ ያሳልፉሻል» አላት አማካሪዋ።

«የሆነ ነገር አልሆነም ልበል?»

«እኔ ለአንቺው ብዬ ነው።»

ጥናቷን ባቀረበች ቀን አራቱንም የግራፉን ክፍል ግድግዳው ላይ አሳየች። ከፈታኞቹ አንዷ መነጽራቸውን አውልቀው «የመጨረሻው መስመር ለምን አልወረደም?» አሉ።

«መጠየቁን ስለተወ ነው።»

«ለምን ተወ?»

«ጠይቆን ዝም ስላልነው።»

ሌላው ፈታኝ «ይሄ ግምት ነው። ግራፉ የሚያሳየው እርዳታው ለውጡን እንዳመጣ አለመረጋገጡን ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ሌላ ሰው ፈልጋ ጥናቱን እንደ አዲስ እንድትሠራ ወሰኑ።

አስተማሪዋ በዚያው ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደች። ልብስ ሰፊዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ቆመች። «ሰው ማመን ቀብሮ ነው ሲሉ ቀልድ ይመስለኝ ነበር» አለችና ዘጋችው።

ብዙም ሳይቆይ ልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪናዋን ወደ ጎረቤት በረንዳ አወጣች። ሲዘንብ መሥራት አትችልም፤ ደንበኞቿም ቀነሱ። ወንድሟን ክፍሉ ውስጥ ቆልፋበት ትወጣለች። ድምፅ የለበትም፤ እሱ ግን አሁን በጸጥታውም ግንባሩን ያላትማል፣ በረንዳው ድረስ ይሰማል።

አማካሪዋ ሌላ ሰው እንዳገኘላት ደውሎ ነገራት። አስተማሪዋ አመሰገነችውና ትምህርቱን እንደተወች ነገረችው። ባሏ «ይሄን ሁሉ ደክመሽ?» ቢላት «ደከምኩ» አለችው።

አንድ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ሄዳ ቆመች። «እትዬ፣ ሥራሽን እስክትጨርሺ አብሬው ልቀመጥ።»

«ልትጽፊበት ነው?»

«ባዶ እጄን ነው የመጣሁት።»

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከመርገጫው አነሳች። መታረቋ አልነበረም፤ ወንድሟ ተቆልፎበት ብቻውን መዋሉ አንጀቷን እየበላው ነበር። ቁልፉን ከአንገቷ አውልቃ ሰጠቻት።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትሄዳለች። ዳኛው ጀርባውን ሰጥቷት ይቀመጣል። ወደ ግድግዳው ሲሄድ መዳፏን ግንባሩና ግድግዳው መሀል ታስገባለች፤ የእጇ ጀርባ አብጦ ይሰነብታል። መጥቶ እጇን እንዲይዝ፣ ወይም ዞር ብሎ እንዲያያት ትጠብቃለች።

ማምሻውን ልብስ ሰፊዋ ክር የወረሰውን ቀሚሷን እያራገፈች ትገባለች።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ምንም አልጠየቀኝም፣ እትዬ።»

«እሺ» ትላለች ልብስ ሰፊዋ፣ ውሃና ፋሻ ልታመጣ እየሄደች።