ሠላሳ ሁለተኛዋ ማልታዊት

በገሊላዋ ናዝሬት አናጢ ሆኖ መኖር ቀልድ አይደለም። የአፊፌ ባል ሸፊቅ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አርባ ዓመት ሙሉ የወጥ ቤት ቁም ሣጥን ሲሠራ የኖረ ሰው ነበር። ከየአገሩ የሚመጣው ተሳላሚ ግን በሱቁ በር ባለፈ ቁጥር አንገቱን እያሰገገ፣ "አናጢ! የናዝሬት አናጢ!" እያለ ፎቶ ያነሣዋል። አንዳንዷማ እንባዋ ዱብ ዱብ ይላል። ሸፊቅ መጋዙን ያስቀምጥና፣ "እኔ የምሠራው የሳህን መደርደሪያ ነው። የሚያስለቅሰው ምኑ ነው?" ብሎ ይቆጣል። አፊፌ ደግሞ ከጓዳ ብቅ ብላ ላለቀሰችው ውሃ ታቀርባለች፤ የተቆጣውን ባሏን በዓይኗ ትገሥጻለች።

ሸፊቅ ሲሞት ሱቁ ተዘጋ። ልጃቸው ሹክሪ ሃይፋ ሆስፒታል ውስጥ ነርስ ነው፤ በወር አንድ ቀን፣ ሲበዛ ሁለት ቀን ብቅ ይላል። ሰፈሩ አሁንም በልጇ ስም ኡም ሹክሪ፣ የሹክሪ እናት እያለ ይጠራታል እንጂ፣ ሹክሪም እናቱም በስልክ ነበር የሚገናኙት። ቤቱ ጭር አለ። አፊፌ ለሁለት ሰው መቀቀል ለምዳ ስለነበር፣ የቀቀለችውን ግማሽ ለጎረቤት ድመት መስጠት ጀመረች። ድመቷ ወፈረች።

ነገሩ የተጀመረው ሳታስበው ነው። አንድ ቀን ጠዋት ምንጩ አጠገብ ካለው ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን ሻማ አብርታ ስትወጣ፣ የሩማንያ ተሳላሚዎች መሀል ገብታ ተገኘች። ከፊት ሰው፣ ከኋላ ሰው፣ መውጫ የለም። እንደ ጎርፍ ይዘዋት ወረዱ። ምግብ ቤቱ በር ላይ አንዱ አስጎብኚ ሰማያዊ ኮፍያ ራሷ ላይ ደፋላትና ወንበር ስቦ አስቀመጣት። ከጎኗ ያለችው ሴትዮ ጉንጯን ሳመቻት። ማዶ ያለው ሽማግሌ ሰላጣ አቀበላት። ሸፊቅ ከተቀበረ ወዲህ፣ በሰው ተከብባ ስትበላ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር።

በሚቀጥለው ሳምንት ግን እግር ጥሏት አልነበረም፤ ዓይኗን በጨው አጥባ ሄደች። ዓመት ሳይሞላ የሸፊቅ የመዶሻ መሳቢያ በኮፍያ ተሞላ፦ የብራዚል አረንጓዴ፣ የኮሪያ ነጭ፣ የፖላንድ ቀይ፣ የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ ሐምራዊ። የራሷ ሕግ ነበራት። ከምንጩ እስከ ምሳ ብቻ። አውቶብስ ላይ አትወጣም። ባዶ እጇንም አትሄድም፤ በተምር የተሞላ ብስኩቷን በትልቅ ሣህን ጋግራ ለገበታው ሁሉ ታድላለች። የምግብ ቤቱ ባለቤት፣ "የአንድ ሰው በልታ የአሥር ሰው ታበላለች፤ ምን ብዬ ላስወጣት?" ይል ነበር።

አስጎብኚዎቹም ያውቋታል። በተለይ ዋኪም የሚባለው፣ እዚያው ናዝሬት ተወልዶ ያደገው፣ ሲያያት ሳቁን መያዝ አይችልም።

"ኡም ሹክሪ፣ ዛሬ ደግሞ የየት አገር ሰው ሆነው ዋሉ?"

"የፖላንድ።"

"ትናንት ኮሪያዊት አልነበሩም እንዴ?"

"ኮሪያዎቹ ቀጫጭን ናቸው፤ አጋለጡኝ።"

እንዲህ እየሆነ ሦስት ዓመት አለፈ። ከዚያ የማልታ ሰዎች መጡ።

ማልታ ባሕር መሀል ያለች ትንሽ አገር ናት፤ ጎዞ የምትባል ከእርሷም ያነሰች ደሴት አለቻት። ቋንቋቸው ከዐረብኛ ጋር እናት አባቱ አንድ የሆነ፣ በጣልያንኛ ጎረቤት ያደገ ዓይነት ነው። ባሕርን ባሕር፣ ራስን ራስ ይላሉ፤ እግዚአብሔርንም የሚጠሩት አፊፌ በምትጠራው ስም ነው። አፊፌ ምንጩ አጠገብ ቆማ ሲያወሩ ስትሰማ ጆሮዋን ማመን አቃታት። የባዕድ አገር ሰው ሲናገር ግማሹ ይገባታል! በዚያ ላይ ሠላሳ ሁለቱ ተሳላሚዎች ከሁለት አጥቢያ፣ ግማሾቹ ከማልታ፣ ግማሾቹ ከጎዞ የመጡ ስለነበሩ፣ እርስ በርሳቸው ገና በቅጡ አልተዋወቁም።

ቢጫ ኮፍያ አንዱ ድንጋይ ላይ ረስቶት ሄዶ ነበር። አነሣችና ደፋችው።

ወዲያው ካርምኒ የምትባል፣ ጉልበቷን የሚያማት ወፍራም አሮጊት ክንዷን ያዘቻት። "ደግፊኝ እስቲ እህቴ፤ ይህ ዳገት ሊገድለኝ ነው። አንቺ ከየት ነሽ?"

አፊፌ መዋሸት አልወደደችም። "እኔ ከዚህ ነኝ" አለች።

ካርምኒ ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ። "እውነትሽን ነው" አለች፤ "ሁላችንም ከዚህ ነን!" ከዚያ ወደ ኋላ ዞር ብላ ለባልንጀራዋ ሹክ አለቻት፦ "የጎዞ ሰው ናት። አነጋገሯ አይሰማሽም? ግን መንፈሳዊ ናት።"

ከዚያ በኋላ ማን ይለያያቸው! የብሥራቱን ቤተ ክርስቲያን ክንድ ለክንድ ተያይዘው ተሳለሙ። ምሳ ላይ ስለ ጉልበት፣ ስለ ምራትና ስለ ሽንብራ አወሩ፤ ያልተግባቡበትን በእጅ ሞሉት። ምሳው ሊያልቅ ሲል አፊፌ፣ አንድ ወፍራም ሪዝ ያለው የጎዞ ሽማግሌ አገጩን እየዳበሰ መንገዱን ተሻግሮ ወደ አቡ ናዲም ጸጉር ቤት ሲገባ አየች። ጺሙን ሊላጭ ነው ብላ ረሳችው።

አውቶብሱ መጣ። ዋኪም አላግባብ ቆማችኋል ካለው ትራፊክ ጋር ይከራከራል። አፊፌ ካርምኒን ደግፋ ደረጃውን አወጣቻት፤ ቦርሳዋን ይዛ መጨረሻው ወንበር ድረስ ሸኘቻት፤ ሻርፗን አስተካከለችላት። ቄሳቸው አባ ሳልቭ በመተላለፊያው እየሄዱ በጣታቸው ቢጫ ኮፍያ ይቆጥራሉ።

"ሠላሳ፣ ሠላሳ አንድ፣" አፊፌ ራስ ላይ ደረሱ፣ "ሠላሳ ሁለት! ሞልተናል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ሂድ!"

በሩ ተዘጋ።

አፊፌ አፏን ከፈተች። "አውርዱኝ" ልትል ነበር። ግን ካርምኒ ጎን ተቀመጠች። አውቶብሱ ቁልቁል ወደ ጥብርያዶስ ባሕር ሲታጠፍ፣ "የቃና መገንጠያ ላይ እናገራለሁ" አለች በልቧ። ቃና አለፈ። "እንግዲህ ከዚህ ወርጄ በምን እመለሳለሁ?" አለች። እውነቱን ለመናገር፣ ባሕሩን ያየችው ከዳር ነው። ሸፊቅ ለሥጋ ጥብስና ለሐብሐብ በየበጋው ይወስዳት ነበር፤ ጀልባ ስትለው ግን፣ "ዓሣ ከውሃ ይወጣል እንጂ ሰው ወደ ዓሣ አይሄድም" ብሎ እምቢ ይል ነበር። ካርምኒ ትከሻዋ ላይ ተኛች። አፊፌም ኮፍያዋን ወደ ግንባሯ ሳበች።

ከአውቶብሱ ወርደው የተሳፈሩበት ጀልባ የዳሩን ሸምበቆ ትቶ መሀል ሲገባ፣ ዋኪም ከፊት ቆሞ ማይክራፎኑን ያዘ። "ወንድሞችና እኅቶች፣ ጴጥሮስ በዚህ ውሃ ላይ መራመድ ጀምሮ ልቡ በተጠራጠረ ጊዜ፣ ቀና ብሎ ሲያይ..." ራሱም ቀና ብሎ አየ። "ኡም ሹክሪ?!"

ማልታውያኑ ሁሉ ወደ ውሃው ዞሩ።

ዋኪም ማይክራፎኑን ጥሎ በሰው ጉልበት ላይ እየተረማመደ መጣ። "እዚህ ምን ይሠራሉ?"

"እንደ ሰው ሁሉ እየተሳለምኩ ነው።"

"ከምንጩ እስከ ምሳ አልነበረም ሕጉ?"

"ምሳው ረዘመ" አለች አፊፌ ቀስ ብላ።

ዋኪም ሊስቅ አሰበና በመሀል ፊቱ ዐመድ መሰለ። "ቆይ፣ ቆይ። አባ! አውቶብሱ ላይ ስንት ቆጠሩ?"

"ሠላሳ ሁለት። ሙሉ ነን።"

"እርሳቸውን ጨምረው?"

"ታዲያ የጎዞዋን እኅታችንን ልተዋት ኖሯል?"

"የጎዞ አይደሉም አባ! የአክስቴ ጎረቤት ናቸው!"

ጉድ ፈላ። ካርምኒ ደረቷን እየመታች፣ "ከዚህ ነኝ ብላኝ ነበር እኮ! ቅኔ ያደረግሁት እኔ ነኝ!" ትላለች። ሁሉም ተነሥቶ መቁጠር ጀመረ። አንዱ ራሱን ረስቶ ሠላሳ አለ፤ ሌላዋ የጀልባውን ነጂ ጨምራ ሠላሳ ሦስት አለች። ነጂው ጀልባው ሲያጋድልበት፣ "ቁጭ በሉ! አሁን አንድ ነው የጠፋው፤ ሁላችንም ልንጠፋ ነው!" ብሎ ጮኸ።

ያኔ አፊፌ ብድግ አለች። "ባለ ሪዙ! ሽማግሌው!"

"ዊስቲን!" አሉ የጎዞዎቹ በአንድ አፍ።

አፊፌ ስልኳን ከደረቷ አውጥታ ደወለች። "አቡ ናዲም፣ እዚያ አንድ ባለ ቢጫ ኮፍያ አለ?"

"ኮፍያውን እንጃ" አለ ጸጉር ቆራጩ። "አንድ ሰው ግን ወንበሬ ላይ ተኝቷል። ትኩስ ፎጣ ፊቱ ላይ ባደርግለት አንኮራፋ። ሦስት ደንበኛ ቆሞ ይጠብቀኛል። ዘመድሽ ነው?"

"የማልታ ሰው ነው።"

"ታዲያ ምን በደልኩት የገዛ ቋንቋዬን እንዲህ አበላሽቶ የሚናገረኝ?"

"ቀስቅሰውና ጓደኞችህ ባሕር ላይ ናቸው በለው።"

በስልኩ ውስጥ ጫጫታ ተሰማ። ቀጥሎ አቡ ናዲም ተመለሰ። "ነግሬዋለሁ። ሰጥመው ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል።"

አቡ ናዲም ሱቁን ዘግቶ በመኪናው ሊያመጣው ተስማማ። ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ በዝግታ ይወዛወዛል። አፊፌ ኮፍያውን አውልቃ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና ወደ አባ ሳልቭ ጠጋ አለች።

"ይቅር ይበሉኝ አባ። የሰው ቦታ ያዝኩ።"

አባ ሳልቭ ግንባራቸውን አሹ። "ልጄ፣ ወንጌሉ እረኛው አንዷን በግ ሊፈልግ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ሄደ ይላል። የሰው በግ ገብታ ቁጥሩን ሞላችለትና ሳይፈልግ ቀረ ግን አይልም። ለዚህኛው ስብከት አልተዘጋጀሁም።" ከዚያም፣ "ለመሆኑ ለምን ታደርጊዋለሽ?" አሏት።

አፊፌ ውሃውን እያየች መለሰች። "እኔ ዛሬ ከቤቴ ብጠፋ፣ እስከ እሑድ የሚያውቅ የለም። እናንተ ግን በየበሩ ትቆጥራላችሁ።"

ዋኪም ይህን ለማልታውያኑ አልተረጎመም። ግን የገባቸው ይመስላል፤ ካርምኒ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠችና ኮፍያውን መልሳ ራሷ ላይ ደፋችላት።

ዳር ሲደርሱ፣ እዚያው ባሕሩ ዳር የሚቀደሰው ቅዳሴ ሳይጀመር አባ ሳልቭ ወንጌሉን እርሷ በቋንቋዋ እንድታነብ ጠየቋት። አፊፌ መነጽር ከዋኪም ተዋሰች። ጌታ በባሕሩ ዳር ቆሞ ደቀ መዛሙርቱን፣ "ልጆች ሆይ፣ አንዳች የሚበላ አላችሁን?" ያለበትን አነበበች። ዳቦን ስታነብ ዳቦ፣ ባሕርን ስታነብ ባሕር እየገባቸው፣ ማልታውያኑ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ሲያልቅ ካርምኒ ጮክ ብላ፣ "ከጎዞዎች ይልቅ ይህችን እሰማታለሁ" አለች፤ የጎዞዎቹም ሳቅ ቅዳሴውን ትንሽ አዘገየው።

ቡራኬው እንዳበቃ የአቡ ናዲም መኪና አቧራ አስነሥታ ደረሰች። አንድ ፊቱ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ሰው ወረደ።

"እርስዎስ የማን ነዎት?" አሉ አባ ሳልቭ። ከእንግዲህ ማንንም ላለማመን ቆርጠዋል።

"ዊስቲን ነኛ!"

ካርምኒ ከላይ እስከ ታች አየችው። "ዊስቲን ሪዝ አለው።"

"ነበረው" አለ አቡ ናዲም። "ምላጩ ፊቱ ላይ እያለ በእንቅልፉ ዞር አለና ግማሹ ሄደ። ሌላውን ለእኩልነት ብዬ አነሣሁት።"

አፊፌ በአቡ ናዲም መኪና ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ከመሳሳሙ ብዛት ጉንጯ ቀልቷል። ገና በሩን ሳትከፍት ስልኳ ጮኸ። ሹክሪ ነበር።

"እማዬ! ከማልታ ሰዎች ጋር ኮበለለች አሉኝ!"

"ማን አለህ?"

"ሰፈሩ ሁሉ! ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ጀልባ ከፈለግሽ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ብነግርህስ መቼ ትመጣለህ?"

ሹክሪ ቅዳሜ መጣ። ስለ ጀልባው ሁለት ሰዓት ሙሉ አወራችው፤ እርሱም ሰዓቱን ሳያይ ሰማት። የሚቀጥለውም ቅዳሜ መጣ። ሦስተኛው ላይ ተረኛ ነኝ ብሎ ቀረ፤ ቢሆንም ሰኞ መጣ።

ዋኪም ደግሞ በሳምንቱ ብስኩት ለመብላት መጣሁ ብሎ ገባና ነገሩን አወጣው። "ኡም ሹክሪ፣ ከእንግዲህ መደበቅ የለም። እኔ ከፊት ስሄድ ከኋላ የሚጎተቱት አሮጊቶች ያስቸግሩኛል። እርስዎ መጨረሻ ላይ ሆነው ይከተሏቸው። ማንም እንዳይጠፋ ይቁጠሩ።"

"እኔ? ቆጣሪ?"

"ሌባን ሌባ ያውቀዋል ይባላል፤ ይቅርታ ያድርጉልኝና።"

በመጀመሪያው የሥራ ቀን ሁለት ፖላንዳውያን ጠፉባት። አፊፌ ራሷን ይዛ ጮኸች። የጣፋጭ ሱቆቹን አሰሰች፣ የአቡ ናዲምን ጸጉር ቤት በረበረች፣ ምንጩን ሁለት ጊዜ ዞረች። ዋኪም በገበያው፣ የምግብ ቤቱ ባለቤት በዳገቱ መንገድ፣ ሾፌሩ በየቡና ቤቱ ሮጡ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ባልና ሚስቱ ተገኙ። ማንም ሊፈልጋቸው ባላሰበበት ቦታ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ተንበርክከው እየጸለዩ ነበር።